ቆቡን ቀዶ የሚሰፋው መነኩሴ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኔን ሲያይ ቆየና «ዛሬም እሱኑ ነው የምትነካካው?» አለኝ። የምነካካው ኮዱን ሳይሆን ኮድ የምጽፍበትን ኤዲተር ነበር። የከርሰሩን ቀለም ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ቀይሬ፣ አልጥም ሲለኝ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ እየመለስኩ ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ» ብሎኝ ቡናውን ይዞ ሄደ።

ሳቅሁ። ግን ተረቱ ቅዳሜና እሑድን አብሮኝ ዋለ፤ ምክንያቱም ልክ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ትርፍ ጊዜዬን የበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እኔ ሳልወለድ የነበረ ኢማክስ የሚባል ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው ማንም በነፃ ቢሰጡት የማይወስደው አሮጌ ኮምፒውተር። አንዳቸውም ደሞዝ አይከፍሉኝም። እናቴ ሁለተኛውን «ቆሻሻ» ትለዋለች፤ የመጀመሪያውን ስለማታየው ተርፏል።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህ የሁለቱ ሂስ ነው። መጽሐፍ ይሄሳል፣ ፊልም ይሄሳል፣ ሶፍትዌር ግን በኮከብ ብቛ ይመዘናል፦ አምስት ከሰጠነው ጥሩ፣ አንድ ከሰጠነው መጥፎ። ቀኑን ሙሉ የምንውልበት ነገር ከዚያ የተሻለ ንባብ ይገባዋል ባይ ነኝ። ፍጥነቱና ዋጋው ብቻ ሳይሆን፣ ተጠቃሚውን እንዴት ያለ ሰው አድርጎ እንደሚያየውም መጠየቅ አለበት።

ኤዲተሩ

ኢማክስ የጽሑፍ ኤዲተር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ፣ ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ያኔ ቴኮ በሚባል ኤዲተር ላይ የተጻፉ ማክሮዎች ስብስብ ነበር፤ ስሙም «ኤዲቲንግ ማክሮስ» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ግኑ ኢማክስን ሪቻርድ ስቶልማን በ1984 መጻፍ ጀምሮ በ1985 ለሕዝብ ለቀቀው። ከመጀመሪያው ዊንዶውስ በጥቂት ወራት ይቀድማል ማለት ነው።

እኔ ያገኘሁት አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ስማር ነው። አንድ ሲኒየር ሊኑክስ በፍላሽ ሰጠኝና «ኢማክስን ሞክረው፣ ሰው ትሆናለህ» አለኝ። ሞከርኩት። መውጫው ጠፋኝ። ግማሽ ሰዓት ታግዬ ላፕቶፑን በጉልበት አጠፋሁት፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ተመልሼ አልከፈትኩትም።

ስለዚህ በጉድለቱ ልጀምር። ኢማክስ መልኩ አያምርም። ከፍታችሁት ስታዩት የ1990ዎቹ የባንክ ኮምፒውተር ይመስላል። ቋንቋውም የራሱ ነው። ሁላችንም «ከት» የምንለውን እሱ «መግደል» ይለዋል፤ «ፔስት» የምንለውን «መጎተት» ይለዋል። እኛ ዊንዶው የምንለው እሱ ዘንድ ፍሬም ነው፤ ዊንዶው የሚለው ደግሞ በፍሬሙ ውስጥ ያለውን ክፍፍል ነው። ምክንያት አለው፤ ቃላቱ የተመረጡት ሌላው ዓለም በሌሎቹ ቃላት ሳይስማማ በፊት ነው። ግን ምክንያት አለው ማለት ለጀማሪ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቁልፎቹም ሰው ያሠቃያሉ። ኮንትሮልን ቀኑን ሙሉ ስትጫኑ የምትውሉት በግራ ትንሿ ጣት ነው፤ ሁለት ወር ከሠራሁበት በኋላ ጣቴን ያመኝ ጀመር። ካፕስ ሎክን ወደ ኮንትሮል ቀይሬ ነው የዳንኩት።

እንዲህ ከሆነ ለምን አልተውኩትም?

አንድ ምሽት አንድ ቁልፍ በስህተት ነካሁና ጽሑፌ በሙሉ ወደ ትልቅ ፊደል ተቀየረ። በሌላ ፕሮግራም ቢሆን ተሳድቤ እመልሰውና አበቃ። እዚህ ግን ኮንትሮልና ኤች፣ ከዚያ ኬ ተጭኜ ያንኑ ቁልፍ ነካሁት። «ይህ ቁልፍ ይህን ፈንክሽን ይጠራል» አለኝ፤ ከነማብራሪያው። ማብራሪያው ላይ ፈንክሽኑ የተጻፈበት ፋይል ስም ነበር። እሱን ስጫን ኮዱ ራሱ ተከፈተ። እዚያው ላይ አንድ መስመር ቀየርኩ፣ ፈንክሽኑን በአዲስ መልኩ እንዲያነበው አዘዝኩት፣ ቁልፉ የሚያደርገው ነገር ተቀየረ። ፕሮግራሙን ዘግቼ አልከፈትኩም፤ ማንንም አላስፈቀድኩም።

አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል። አከራይ ቤት ውስጥ ሚስማር ለመምታት እንኳ ታስፈቅዳለህ። አንድ ቀን ማታ ስትመጣ የግቢው በር ቁልፍ ተቀይሮ ታገኘዋለህ፤ «ለደህንነት ነው» ትባላለህ። ስልካችን ላይ ያሉት አፖች እንዲሁ ናቸው። ጠዋት ስትነሱ ቁልፎቹ ቦታ ቀይረዋል፣ የለመዳችሁት ነገር ጠፍቷል፤ ቅሬታ የሚቀበል ሰው ደግሞ የለም። ስቶልማን ነፃ ሶፍትዌር ያለው ነገር አራት መብቶችን የያዘ ነው፦ ለፈለጉት ዓላማ ማስኬድ፣ አሠራሩን መርምሮ መቀየር፣ ቅጂ ለሌላ መስጠት፣ የቀየሩትንም መስጠት። ፕሮግራመር ነውና ቁጥራቸውን ከዜሮ ይጀምራል። እነዚህን መብቶች በወረቀት ላይ ሳነባቸው እንደ ማንኛውም መፈክር ነበሩ። የገቡኝ ያን ምሽት ነው፤ በቤቴ ግድግዳ ላይ ሚስማር ስመታ።

የኢማክስ ትልቁ ብቃት እንግዲህ ይህ ይመስለኛል፦ ተጠቃሚውን ነገ ጸሐፊ ሊሆን እንደሚችል ሰው አድርጎ ያየዋል። አስቸጋሪ ነው፣ ግን አይንቅህም።

በሽታው

አሁን ለባልደረባዬ ተረት ፍርዱን ልስጥ። ኢማክስን የሚያስተካክለው ፋይል፣ ማለትም ምርጫዬን ሁሉ የምጽፍበት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 1400 መስመር ደረሰ። በዚያው ዓመት «እጽፈዋለሁ» ብዬ የጀመርኩት አጭር ልብወለድ 2 አንቀጽ ነበር። አንቀጾቹ በጣም ያምሩ ነበር፤ ፎንታቸው ማለቴ ነው።

በሽታው ይህ ነው። ነፃነት የሰጠህ መሣሪያ ራሱ ሥራ ይሆናል። ሥራውን የሸሸ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አያገኝም፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲያዩት ሥራ ይመስላል። ኪቦርዱ ይንኳኳል፣ ስክሪኑ ላይ ኮድ አለ፣ ፊትህም ኮስተር ብሏል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመስመር ቁጥሮች ከግራ ጠርዝ በስንት ነጥብ መራቅ እንዳለባቸው ሲከራከር ያደረ ሰው አውቃለሁ። የተከራከረውም ከራሱ ጋር ነው። እኔ ነኝ።

ነፃ ሶፍትዌርን የሚያወድሱ ሰዎች ስለዚህ ብዙ አያወሩም። «ሁሉንም መቀየር ትችላለህ» የሚለው ቃል ኪዳን ውስጥ «ሁሉንም ለመቀየር ዕድሜህን ትጨርሳለህ» የሚል ስውር አንቀጽ አለ። ስለዚህ ባልደረባዬ ሲስቅብኝ መልስ አልነበረኝም። ተረቱ ግን አንድ ነገር ዘሎታል፤ ቆቡን አሥር ጊዜ ቀዶ የሰፋ መነኩሴ ከአሥር ጊዜ በኋላ መስፋት ያውቃል። ጥያቄው የተቀደደ ልብስ ይዞ የሚመጣበት ሰው አለ ወይ ነው።

ሠላም በጃፓን በኩል

ኢማክስ ውስጥ ኮንትሮልና ኤች፣ ከዚያ እንደገና ኤች ብትጫኑ በብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ የተጻፈበት ፋይል ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «አማርኛ» ከሚለው ፊት ለፊት «ሠላም» የሚል አለ። ትግርኛውም አለ። መጀመሪያ ሳየው በሰው አገር ታክሲ ውስጥ የአገሬን ሰው እንዳገኘሁ ነው የተሰማኝ።

ማን አስገባው ብዬ ኮዱን ተከተልኩ፤ ይህ ይቻላልና። መንገዱ ወደ ጃፓን ወሰደኝ። ሙሌ የሚባለው ኢማክስን በብዙ ቋንቋ እንዲሠራ ያደረገ ሥራ የተጀመረው በጃፓን ኤሌክትሮቴክኒካል ላብራቶሪ ነበር፤ በ1997 ከኢማክስ 20 ጋር ተዋሐደ። የግዕዙን ክፍል የጻፈው ታካሃሺ ናኦቶ ነው። አጻጻፉ የተመሠረተው ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመወከል በሚያገለግል ሴራ በተባለ ሥርዓት ላይ ነው። ሁለት ኢትዮጵያዊ ስሞችና አንድ ጃፓናዊ በአንድ አሜሪካ በተወለደ ፕሮግራም ውስጥ። ይህ ሁሉ የሆነው ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ ከመስጠቱ በፊት ነው፤ ዩኒኮድ ግዕዝን ያስገባው በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው።

ሂስ ነው ብያለሁና አንድ ልጨምር። ሰላም በግዕዙ የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው፤ ኢማክስ ውስጥ ግን ንጉሡ ሠ ነው የገባው። ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ቢያየው ፊቱን ያጨማድዳል። ዛሬ በሁለቱም ስለምንጽፍ ወንጀል አይደለም። ደስ የሚለው ግን ቅሬታዬ መድረሻ ያለው መሆኑ ነው፤ አንድ ፊደል ቀይሬ ማስተካከያውን ለሚመለከታቸው መላክ እችላለሁ። እስካሁን አልላክሁም። ስንፍናም የነፃነት አንዱ ክፍል ነው።

አጻጻፉ ራሱስ? እውነቱን ለመናገር ዛሬ ስልክ ላይ አማርኛ በአውራ ጣቱ የሚጽፍ ልጅ ይበልጠኛል። የኢማክሱን ዘዴ ለመልመድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሆኖም አንድ ጊዜ አልጥም ያለኝን ቁልፍ ቀይሬበታለሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ኪቦርድ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌው አላውቅም።

የሰው ሠርግ ቪዲዮ

ወደ ሁለተኛው ዕቃ ልምጣ። አሮጌ ኮምፒውተር መጠገንና መጠቀም በአሜሪካና በአውሮፓ ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ዋናው ጣዖታቸው ኮሞዶር 64 ነው። በ1982 የወጣ፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ብቻውን ከዚያ ሜሞሪ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰዎቹ ግን ካፓሲተሩን ይቀይራሉ፣ ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ ያነጣሉ፣ አዲስ ጌም ሳይቀር ይጽፉለታል።

እኔም ኦፕን ሶርስ የሆነ ኢሙሌተር፣ ማለትም አሮጌውን ማሽን በአዲሱ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ጭኜ ሞከርኩት። ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ጥቂት መስመር ቤዚክ ጻፍኩ፤ ስሜ ከላይ እስከ ታች ተደረደረ። አስደሳች ነው። የምህንድስና ውበቱም ገብቶኛል፤ በ64 ኪሎባይት ውስጥ ያን ሁሉ መጨመቅ ጥበብ ነው። ግን ሌላ ነገርም ተሰማኝ። የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ቪዲዮ እያየሁ ያለሁ መሰለኝ። ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ሙሽራዋ ታምራለች፣ እኔ ግን ማንንም አላውቅም። እነሱ የሚናፍቁት ልጅነታቸውን ነው። የእኔ ልጅነት ውስጥ ኮሞዶር አልነበረም። ናፍቆትም እንደ ጌጥ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ታዲያ የኛ አሮጌ ኮምፒውተር የቱ ነው? በእኔ ትውልድ ልጅነት ኮምፒውተር ማለት ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ በደቂቃ የሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት። ሌላው ጽሕፈት ቤት፦ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ክፍለ ከተማ አጠገብ፣ በሩ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ አለ» የሚል የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል። ውስጡ ሆዷ ወደ ኋላ የወጣ ስክሪን፣ ክሬም ቀለም ያለው ሳጥን፣ ከላዩ ደግሞ አቧራ እንዳይገባ ነጭ ዳንቴል። የአገራችን የኮምፒውተር ታሪክ ትልቁ ክፍል ያለፈው በዚያ ክፍል ውስጥ ይመስለኛል። ውሎች፣ አቤቱታዎች፣ የምርቃት ጥናቶች፣ የሠርግ ጥሪዎች። ማንም ሙዚየም ያላስገባው ይህ ነው።

አክስቴ ለ14 ዓመት የሠራችው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዳንቴሉ ሥር

በ1992 ዓ.ም. ክረምት አያቴ የሕይወት ታሪካቸውን ለአክስቴ ነገሯት። ማታ ማታ፣ ደንበኛ ሲያልቅ፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አያቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ፊያት ኤንትሬ ይዘው ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከዚያ በረሃውን አቋርጠው ወደብ ድረስ። ጽሑፉ በ3 ፍሎፒ ተቀመጠ። «ይታተማል» ተባለ። ሳይታተም አያቴ አረፉ። ፍሎፒዎቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከመርፌና ክር ጋር ከ20 ዓመት በላይ ተቀመጡ።

ዋሽንግተን ያለው አጎቴ «ያ ነገር የት ደረሰ? ልጆቼ አያታቸውን ያንብቡ» ብሎ ሲደውል ቆርቆሮው ወደ እኔ መጣ። «አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ» አለችኝ አክስቴ። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ አንባቢ ከጓደኛ ተዋስኩ። የመጀመሪያው ተከፈተ፣ ሁለተኛው ተከፈተ። ሦስተኛው አልተከፈተም። ሻጋታ በልቶታል። አጽድቼ፣ አድርቄ፣ ደጋግሜ ሞከርኩት። በቃ፣ የለም።

የተከፈቱትም ቢሆኑ አማርኛ አልነበሩም። ስክሪኑን የሞላው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ነጠብጣብ ያለባቸው የአውሮፓ ፊደላት ናቸው። ለምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ያኔ አንድ ፊደል የሚቀመጠው በአንድ ባይት ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ256 ዓይነት በላይ አይዝም፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒውተሩ የራሱ ትእዛዛት የተያዘ ነው። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይጨመሩ። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ዘዴ ፈጠሩ። የላቲኑን ፊደል ሥዕል አውጥተው የግዕዙን ሥዕል አስገቡበት፤ ቦታ ሲጠብ ፊደሉን ቆርጠው አካሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀመጡ። ብልህ መፍትሔ ነበር፤ አልወቅሳቸውም። ችግሩ እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ መንገድ መቁረጡና አቆራረጡን ምስጢር ማድረጉ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። አክስቴ የተጠቀመችበትን ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

የቀረው አሮጌው ማሽን ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ አክስቴ ኮምፒውተሩን ወደ ቤት ወስዳ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ዳንቴሉን እንደለበሰ። ስሰካው አልበራም። ኃይል ማከፋፈያው ሞቷል። ምናለሽ ተራ ሄጄ ግማሽ ቀን ከብረትና ከሽቦ ክምር መሃል ፈልጌ የሚገጥም አገኘሁ፤ ሻጩ «ለምንህ ነው?» ሲለኝ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ «ለአያቴ» አልኩት። ገጠምኩት። ማሽኑ ተንኮራኮረ፣ ቆጠረ፣ ሰዓቱንና ቀኑን ረስቶ ተነሳ። ዊንዶውስ 98። የአማርኛው ፕሮግራም እዚያው ነበር።

ፎንቱን ገልብጬ ወደ አዲሱ መውሰድ እችል ነበር። ግን ያ ጽሑፉን በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ያሳያል። አጎቴ በስልኩ ማንበብ አለበት፤ ለዚያ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነበረበት። የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። አክስቴን «ሁ በየትኛው ቁልፍ ነው የሚጻፈው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ እንጃ፣ ረስቼዋለሁ» አለች። ወንበሩን ስቤላት ተቀመጠች፤ እጇን ኪቦርዱ ላይ አደረገች። ጣቶቿ አልረሱም። ሀ ሁ ሂ ብላ ጀምራ እስከ ፖ ሳታቆም ወረደች፤ ኪቦርዱንም አላየችም። ስትጨርስ እጇን አንስታ ተመለከተችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

የፊደል ገበታውን በፍሎፒ ላይ አስቀምጠን ወደ አዲሱ ማሽን ወሰድኩት። ኢማክስ ውስጥ ፋይሉን እንደ ባሕሪው፣ በባይት ብቻ ከፈትኩት። የአክስቴን ገበታ ከእውነተኛው ገበታ ጋር አጣምሮ ሠንጠረዡን የሚሠራ፣ በዚያ ሠንጠረዥም ጽሑፉን የሚለውጥ 60 መስመር ያህል ሊስፕ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሳስኬደው ጽሑፉ በሙሉ ግዕዝ ሆኖ ወጣ፤ ካዕብ የለ፣ ሣልስ የለ፣ ሳድስ የለ፤ የተቆረጡት ቅጥያዎች በየመሃሉ ተበትነዋል። አክስቴ ጮክ ብላ ለማንበብ ሞክራ በሳቅ ፈረሰች። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ አካሉን ከቅጥያው በፊት ለብቻው ስለማነበው። ረጅሙ አስቀድሞ እንዲመረመር አንድ መስመር ቀየርኩ። ደግሜ ሳስኬደው ስክሪኑ ላይ አያቴ መናገር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ መኪናው ፍሬን ነው። አክስቴ እስከ ታች አንብባ «ይቺ ስህተት የእኔ ናት፤ ያን ቀን ደክሞኝ ነበር» አለችና አንድ ቃል ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

ለባልደረባዬ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ከቀለም ጋር ስጣላ ባደርኩባቸው ሌሊቶች ሳላስበው የተማርኩት መስፋት ነበር። ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ ይህን አይሠራም ነበር ወይ? ይሠራዋል፤ ምናልባትም ከእኔ ፈጥኖ። እኔ ግን የተማርኩት በዚህኛው ነው፤ የተማርኩትም ሥራ ስላልነበረ ነው።

ኧረ

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ያላለቀ ነገር አለ።

አክስቴ ስታነብ ቆይታ ቆመች። «አባባ እረ አይሉም» አለችኝ። ጽሑፉ ውስጥ «እረ ምን አለፋህ»፣ «እረ እዚያ በረሃ»፣ እየተባለ 41 ቦታ አለ። «ኧረ ነበር የሚሉት። ይሄ ፕሮግራም ግን ፊደሏ አልነበረችውም። እኔ ነኝ በእ የጻፍኩት።» ገበታዋን አየሁት፤ እውነትም ኧ የለችም። ቦታ ሲጠብ ከተጣሉት አንዷ ነበረች። የሆነ መሐንዲስ የሆነ ቀን አንድ ፊደል ቆረጠ፤ የአያቴም ንግግር በዚያው ልክ ተቆረጠ።

ኢማክስ ውስጥ 41ዱን በአንድ ትእዛዝ መቀየር ይቻላል፤ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ብቀይረው የአያቴን ድምፅ እመልሳለሁ። ብቀይረው ደግሞ አክስቴ በዚያ ክረምት፣ በዚያ ማሽን የጻፈችውን አጠፋለሁ። ባለሙያዎች በብራና መጻሕፍት ላይ የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ ድንገት የእኔ ጥያቄ ሆነ። ሁሉንም መቀየር የሚችል ሰው መቼ መቀየር እንደሌለበት ማን ይነግረዋል? ሶፍትዌሩ አይነግረውም። በዚህ ጉዳይ ላይ ኢማክስ ጸጥ ነው፤ ነፃ ሶፍትዌርም በሙሉ ጸጥ ነው። ትልቁ ጉድለታቸው ይህ እንደሆነ ወይም ትልቁ ጨዋነታቸው፣ ገና አልወሰንኩም።

በመጨረሻ ሁለቱንም አስቀመጥኩ። የፋይልን እያንዳንዱን ለውጥ በሚመዘግበው በጊት ውስጥ መጀመሪያ «እረ» ያለበት አለ፤ ቀጥሎ «ኧረ» የሆነበት። ለአጎቴ የላክሁለት ሁለተኛውን ነው። አክስቴ ነች የፈረደችው፦ «አባባ ያሉትን ጻፍ። የእኔን ማን ያነበዋል?»

እኔ አነበዋለሁ። ግን አልነገርኳትም።

ሦስተኛው ፍሎፒ አሁንም ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ታሪኩ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ፣ አያቴ ሚሌ ደርሰው ጎማ ሊቀይሩ ከመኪናቸው ሲወርዱ ይቆማል። ምንም ዓይነት ነፃነት፣ ምንም ዓይነት ሶርስ ኮድ ሻጋታ የበላውን አይመልስም። ኦፕን ሶርስን እንደ ሃይማኖት የሚሰብኩ ወዳጆቼ ይህን ቢያስታውሱት ጥሩ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

ለማን ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለሁሉም አይሆንም። ሥራው የሚያስቸኩለው ሰው ኢማክስን አይንካ። አሮጌ ኮምፒውተርም ቦታ ይይዛል፣ መብራት ይበላል፣ እናት ያስቆጣል። ነገር ግን ቤታችሁ ዕቃ ቤት ውስጥ ዳንቴል የለበሰ ነገር ካለ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሰክታችሁ እዩት። በእሱ ላይ የጻፈው ሰውም በሕይወት ካለ ወንበር ሳቡለት።

ፋይሉን ልዩ ፕሮግራም በማይፈልግ ተራ ጽሑፍ አስቀምጬ ለአክስቴ አሳየኋት። «ይሄኛውን ደሞ ከ20 ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል?» አለችኝ። ማንኛውም ማሽን፣ ዩኒኮድ ነው፣ መስፈርቱ ግልጽ ነው፣ እያልኩ ማብራራት ጀመርኩ። እስክጨርስ ታገሠችኝ። ከዚያ «እሱስ ይሁን፤ ለማንኛውም አንድ ኮፒ በወረቀት አውጣልኝ» አለች።

አወጣሁላት። 38 ገጽ ነው። አሁን ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከመርፌና ክሩ ጋር ተቀምጧል።